ከግድግዳው ወዲያ ያለው ክፍል

ሸዋ ሮቢት ላይ የከሰዓት ፈረቃ ማስተማር ማለት ቆርቆሮ ጣሪያ ስር መጠበስ ነው። ሰማንያ ልጅ በላብ ተዘፍቆ ያንጎላጃል፤ ያላንጎላጀው ያወራል። እኔ እጮሃለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ለባሌ ሰላምታ የሚተርፍ ድምፅ እንኳ አይኖረኝም።

ከግድግዳው ወዲያ የሚያስተምሩት ጋሼ ተመስገን ግን አይጮሁም፤ ክፍላቸው ጸጥ ያለ ነው። ግምገማ ላይ ርዕሰ መምህሩ "ከሳቸው ተማሩ" ሲለን በግኜ ወጣሁ። በማግስቱ ግን ሲብስብኝ መስኮታቸው ስር ቆሜ አየኋቸው። ቀስ ብለው፣ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ይናገራሉ፤ ልጆቹ እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን አስግገው ያዳምጣሉ። ሲደክማቸው አንዱን ተማሪ አስነስተው ያስነብቡና እሳቸው ቁጭ ይላሉ።

ደወል ሲደወል ጠብቄ፣ "ጋሼ፣ ይህን ብልሃት ከየት አገኙት?" አልኳቸው።

ፈገግ አሉ። የሚሉትን ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብኝ።

"ምን ብልሃት አለው ልጄ። እንዳንቺ ስጮህ ኖሬ ድምፄ አለቀ። የቀረችኝ ይቺው ናት። አንቺ ሳያልቅብሽ ዝቅ አድርጊው።"

እሺ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ የሳቸውን ይመስል ነበር።