እናቴ ለእንግሊዝ መንደር እጅ ስታወጣ

ባለቤቴ ፅጌረዳ ለቡ መብራት ኃይል ካለው ሳሎናችን ሆና ሞርንዊክ የምትባል ሚጢጢ የእንግሊዝ የባሕር ዳር መንደር ምክር ቤት ስብሰባን በኮምፒውተር እየተከታተለች ቃለ ጉባኤ ትይዛለች፤ የተቀጠረችበት ሥራ ነው። እናቴ ገዲሴ ተከታታይ ድራማዋን ትታ ስብሰባውን ማየት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ፅጌ በሹክሹክታ ትተረጉማለች፣ እናቴ ትፈርዳለች። መንደሯን ዓሣ አጥማጆች እንደቆረቆሯት፣ ባሕሩ ቤት እየበላ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እንደደረሰ፣ ኮንትሮባንዲስቶች አረቄ ይደብቁበት የነበረውን ዋሻ ሳይቀር ከዘር ሐረጋችን አብልጣ ታውቃለች። ዘመዶቻችን ሲደውሉ የሚጠይቁት የምክር ቤቱን ሊቀመንበር ደህንነት ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ነገሩ ከረረ። ድሮ ሴቶች መረብ ይጠግኑበት የነበረው የመንደሩ የድንጋይ ቤት ፈርሶ መኪና ማቆሚያ ይሁን ወይስ ይቆይ ሊባል ነው። እናታቸው ጉያ ሥር ሆነው እዚያ ያደጉት አሮጊቷ ወይዘሮ ኢዲት የአዳራሹ ጥግ ተቀምጠው መሀረባቸውን ያፍተለትላሉ። እናቴ "ኢዲትዬን እንዳይነኩብኝ" ብላ ምሳዋንም አልበላች።

ከሊቀመንበሩ ሌላ ካሉት ስድስት አባላት ገሚሶቹ እንደኛው በስክሪን ነው የሚሳተፉት። ሊቀመንበሩ ድምፅ የሚሰጡት እኩል ሲመጣ ብቻ ነው። ይፍረስ የሚሉትን ቆጠሩ፤ ሦስት። ይቆይ የሚሉትን ቆጠሩ፤ አራት። ፅጌ መጻፏን አቁማ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ካሜራችን አልጠፋም ነበር፤ አራተኛው እጅ የእናቴ ነበር።

እኔ ሶፋው ላይ በሳቅ ፈረስኩ፤ እዚያ ማዶም አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፅጌ ሥራዬ አለቀለት ብላ ፊቷ አመድ መስሎ አንዴ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ አንዴ እናቴን አውርጂው ትላለች። እናቴ ወይ ፍንክች። ሊቀመንበሩ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው የእንግዳዋ ድምፅ እንደማይቆጠርና ውጤቱ እኩል መሆኑን ተናገሩ። ሆኖም ሴትዮዋ ለምን እጅ እንዳወጡ መስማት ፈለጉ።

"ፉሪ ያለው ማሳዬ ላይ ፎቅ ሲበቅል ማንም እጅ አውጪ አላለኝም" አለች እናቴ። "እናንተ እጅ አውጡ ስትሉ ብሰማ፣ እጄ አላስቻለውም።"

ፅጌ ተረጎመችው። ሳቁ ቆመ። ያን ማሳ ስታነሳው ሰምቻት ስለማላውቅ ከሶፋው ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አወለቁና ይቆይ ብለው የራሳቸውን እጅ አወጡ።

ወይዘሮ ኢዲት ወደ ካሜራው መጥተው እያለቀሱ እጃቸውን አውለበለቡልን። እናቴ ሌላ ድምፅ መስጠት የተጀመረ መስሏት ሁለቱንም እጇን አነሳች።