ዘጠና ሲሞላ አምስተኛ ፎቅ

ሕንፃው ቀጭንና ረጅም ነው፤ ሁለት ወፋፍራም ጎረቤቶች መሐል ሆዱን ስቦ የቆመ ሰው ይመስላል። በየፎቁ አንድ ቤት ብቻ አለው። ሊፍት የለውም። ደንብ ግን አለው። ማን እንደደነገገው የሚያስታውስ የለም፤ ደንጋጊው ከሞተ ቆይቷል፣ ያውም በዘጠና ስምንት ዓመቱ።

ደንቡ፣ ሰው ዕድሜው ሲጨምር ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ወደ ታች አይወርድም ይላል። አዲስ ተጋቢዎች ምድር ቤት ይገባሉ። ሃምሳ የሞላው አንደኛ ፎቅ፣ ስድሳ የሞላው ሁለተኛ፣ ሰባ የሞላው ሦስተኛ፣ ሰማንያ የሞላው አራተኛ ይወጣል። የላይኛው ካልለቀቀ የታችኛው ይጠብቃል። ሰፊ መስኮትና የጠዋት ፀሐይ ያለው አምስተኛው ፎቅ የባለዘጠናዎቹ ነው። ሌላ ሰፈር ሰው ሲያረጅ ምድር ቤት ያወርዱታል፤ ከዚያ የሚቀረው መውረጃ አንድ ብቻ እንደሆነ ግን ማንም አፍ አውጥቶ አይነግረውም።

ልብስ ሰፊዋ እማማ መቀስ ዘጠናን ከደፈኑ ዓመት አልፏቸዋል። ይሁንና አምስተኛው ፎቅ ላይ የመቶ ሁለት ዓመቱ ሰዓት ሠሪ ስለነበሩ አራተኛው ላይ ሆነው ተራቸውን ሲጠብቁ ከረሙ። «ሰውዬው የራሳቸውን ሰዓት አጥብቀው ጠምዝዘው ነው የመጡት» እያሉ ያሟቸው ነበር። ባለፈው ወር ሰዓት ሠሪው እንደተኙ ቀሩ። እማማ መቀስ ከልባቸው አልቅሰው ቀበሯቸው፤ በማግስቱ የመጋረጃውን ልክ ለመውሰድ ሜትራቸውን ይዘው ወጡ። በሩ ተቆልፏል።

ሕንፃውን በቅርቡ የወረሰው ሰውዬ ደንብ የሚባል ነገር አይገባውም። «ዘጠና ዓመት ላለፈው ሰው ቤተሰቡ ካልፈረመ አምስተኛ ፎቅ አላከራይም» ብሎ ቁልፉንም ወረቀቱንም ለልጃቸው ሰጠ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንዱ «አምስተኛ ፎቅ»፣ ሌላው «ምድር ቤት» ይላል።

ልጃቸው ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነው። ሰባ ከሞላው ሦስት ወሩ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ሊፍት ባለው ሕንፃ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። ወረቀቱን ይዞ የመጣ ቀን እናቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ወንበር ላይ ተቀምጠው የደንበኛ ሱሪ እየተቀበሉ ነበር። ከጎናቸው አንዲት ወጣት ቆማ ትጠይቃለች። የሰፈሩ ሰው ለምን ዕድሜው እንደሚረዝም የምታጠና ናት።

«እማማ፣ ጠዋት ምን ይበላሉ?»

«ያደረ ካለ ያደረውን። ከሌለ የሦስተኛ ፎቁን ዳቦ ጋጋሪ ጭቅጭቅ።»

ጥናተኛዋ ጻፈች፤ ቆይታ ሰረዘችው።

«ጭንቀት ሲገጥምዎት እንዴት ይቀንሱታል?»

«ለጎረቤት አካፍላለሁ።»

«በቀን ለስንት ደቂቃ ስፖርት ይሠራሉ?»

«ስፖርት አላውቅም። ሱሪ ሲመጣ እወርዳለሁ፣ ወጥቼ አሳጥራለሁ፣ ወርጄ እሰጣለሁ። ጠበበኝ ካሉኝ እንደገና እወጣለሁ። እኔን ያቆየኝ የሰው ቦርጭ ነው ብለሽ ጻፊ።»

ልጅየው ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ እዚህ ያሉት ተጋቢዎች በወሩ መጨረሻ ይለቃሉ። ምድር ቤቱን ላንቺ ልፈርምልሽ ነው።»

«ለእኔ ነው ወይስ ለራስህ?»

«ዘጠና አንድ ዓመትሽ እኮ ነው።»

«ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ካንተ በፊት ነው የተዋወቅነው።»

«ደረጃ ላይ ብትወድቂስ?»

«አንተ ባለፈው ዓመት የወደቅከው ምንጣፍ ላይ ነው።»

ጥናተኛዋ ቀና ብላ አየችው። እሱ ጫማውን አየ።

«ስማ» አሉ እማማ መቀስ፣ ሱሪውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። «መዝገብ ቤት አርባ ዓመት ስትሠራ ፋይሉን ሳታይ ፈርመህ ታውቃለህ? ውጣና ቤቱን እየው። ከዚያ የፈለግከው ሳጥን ላይ ፈርም።»

ይህን ሲሰማ ኮሌታውን አስተካክሎ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ። ከጡረታ ወዲህ የላላው ቀበቶው ከሆዱ በታች ተንሸራቷል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉ እናቱ በስተኋላው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች ጥናተኛዋ፣ እሳቸውን ለማስደሰት።

«ይሄዳል አሉ እንጂ ደረጃ ይወጣል አላሉም። ነይ፣ ክንዴን ግን እንዳትይዢኝ።»

በየፎቁ መዞሪያ አንድ ወንበር አለ። ሳይቀመጥ የሚያልፍ የለም፤ ካለፈም ይታማል። እማማ መቀስ አንደኛው ፎቅ ተቀምጠው እዚያ የምትኖረውን ነርስ የአማት ወሬ ሰሙ፤ ለአማትየው ፈረዱ። ሁለተኛው ፎቅ ተቀምጠው ጡረታ ከወጣ ሁለት ወር የሆነውን የአውቶቡስ ሹፌር ጃኬት አዩና ቁልፉ በማን እንደተተከለ ጠየቁ። «በራሴ» አላቸው። «ያስታውቃል» ብለው ተነሡ። ጥናተኛዋ ወንበሮቹን «እረፍት» በሚለው ሥር ትጻፋቸው «እንቅስቃሴ» በሚለው ግራ ገብቷት ተከተለቻቸው።

ሦስተኛው ፎቅ ሲደርሱ ልጃቸው ወንበሩ ላይ ተዘርግቷል። ፊቱ በርበሬ መስሏል፣ ቀበቶው ተፈቷል፣ ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ ተጨማድዷል። ዳቦ ጋጋሪው ውሃ ይዞ አጠገቡ ቆሟል። ሰማንያ ስለሞላው የእማማ መቀስን ቤት ሊረከብ ዕቃውን እያሰረ ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ሰላም ሳይለኝ ሊያልፍ ሲል ወንበሯ ያዘችው።»

«የእኔ ነው። ሰላምታውን ሊፍት ውስጥ ረስቶት ነው።»

«ስንት ዓመትህ ነው አንተ ልጅ?» አለው ዳቦ ጋጋሪው።

«ሰ... ባ።»

«በል እንግዲህ፣ ቤትህ ደርሰሃል። እኔ ቅዳሜ እለቃለሁ።»

ልጅየው ይህን ያልሰማ መሰለ። ትንፋሹ ሲመለስ እናቱን አያቸው። «እሺ፣ እኔ ነኝ የደከምኩት። አንቺ ግን እዚያ ላይ ብቻሽን ብትወድቂ ማን ይሰማሻል?»

«የታችኛው ይሰማል። ጎህ ሲቀድ የላይኛው ሰው ወለሉን በተረከዙ ይመታል፣ የታችኛው ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ይመልሳል፣ ከዚያ እሱም በተራው ወለሉን ይመታል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ምድር ቤት ይደርሳል። ዝም ያለ ካለ ሁላችንም በሩ ላይ ነን። ሰዓት ሠሪውን ገና ሰውነታቸው ሳይቀዘቅዝ ነው የደረስንላቸው።» ሱሪውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አንተ ምንጣፉ ላይ ስትወድቅ ማን ሰማህ?»

ልጅየው የተፈታ ቀበቶውን ማጥበቅ ጀመረ።

«ለስንት ሰዓት ወድቀህ ቆየህ?»

«... ሰባት።»

«ሰባት ሰዓት። ለእኔ አንድ ሰዓት ብለኸኝ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው መሬት መሬት አየ። ጥናተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ ልጅየው ግን አነሣው። ጉልበቱ ላይ ወረቀቱን አለስልሶ «አምስተኛ ፎቅ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገና ፈረመ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው።

«ግን እኔ እዚህ አልገባም፣ እማዬ። ስፈርም ላንቺ ብቻ ነው።»

«ማን ለመነህ?» አሉና ወደ አራተኛው ፎቅ እግራቸውን አነሡ።

የስፌት መኪናቸውን ዳቦ ጋጋሪውና ሹፌሩ እየተሰዳደቡ አወጡላቸው። የጥናቱ ውጤት በትልቅ ወረቀት ታትሞ የሕንፃው በር ላይ ተለጠፈ፤ በጊዜ ተኙ፣ ጥቂት ብሉ፣ አትጨቃጨቁ፣ በስተርጅና ደረጃ አታብዙ ይላል። እማማ መቀስ ወረቀቱ ጠንካራ መሆኑን በጣታቸው ፈትነው ገነጠሉትና ለኮሌታ ልክ ቆረጡት።

በአምስተኛው ፎቅ ሁለተኛ ሳምንታቸው፣ ፀሐይዋ ገና የመስኮቱን ጠርዝ ስትነካ ወለሉን በተረከዛቸው መቱ። ዳቦ ጋጋሪው ወዲያው መለሰ፤ ቀጥሎ የራሱን ወለል ሲመታ ተሰማ። ከሦስተኛው ፎቅ ዝምታ ሆነ። እማማ መቀስ አንዱን እግር ጫማ ውስጥ፣ ሌላውን ከጫማ ውጭ አድርገው አዳመጡ።

ከታች አንድ ነገር ተንኳኳ። የሚያንኳኳው መጥረጊያ ሳይሆን ጃንጥላ ይመስላል፤ ደግሞም ሦስቴ ነበር፣ የተቆጣ ሰው አመታት። «ለጊዜው ነው» ብሎ በአንድ ሻንጣ የገባው ልጃቸው እንቅልፉን አልጠገበም።

«ዘገየ» አሉ እማማ መቀስ፣ ሌላውን ጫማቸውን እያጠለቁ። «ገና ልጅ ነው፣ ይለምደዋል።»

መቀሳቸውን አንሥተው አንደኛውን ሱሪ ዘረጉ። አሥር ሰዓት ላይ የሱሪው ባለቤት ምድር ቤት ይጠብቃቸዋል።