የባላምባራስ ደም

ቅዳሴው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሐረገ ወይን ከሴቶቹ መካከል ቆማ ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር። ከትናንት ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመሰችም፤ ያደረቃት ግን ጾሙ አልነበረም። ዛሬ ከባሏ ከባላምባራስ ፈንታው ጋር ከቆረበች ሊፈርስ የሚችለው የሰማንያ ጋብቻዋ ቀርቶ ለዘለዓለም ትታሰራለች። በእስቴ የቆረበች ሴት ባሏ ቢሞት ሌላ አታገባም። እሷ ገና ሃያ ስድስቷ ነው፤ ልጅም አልወለደችም። ባላምባራስ ወደ ስድሳ እየተጠጉ ነው፤ ደግሞም በቅርቡ ይሞታሉ።

ባለፈው ዓመት ጎንደር ላይ አንድ የፈረንጅ ሐኪም ከአንጀታቸው የነቀርሳ እጢ ቆርጦ አውጥቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ ደማቸውን እየቀዳ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይልካል። እጢው ወደ ደም የሚለቀው ነገር አለ፤ እሱን የሚለካ አዲስ ምርመራ እዚያ ተገኝቷል። መጀመሪያ መጠኑ ወርዶ ነበር። ዘንድሮ ሲለካ ግን ከበፊቱም በልጦ ተገኘ። አስተርጓሚው ላቀው ሐረገ ወይንን ለብቻዋ ወደ ጥግ ወስዶ ነገራት፤ ነቀርሳው ጉበታቸው ላይ ሳይወጣ አልቀረም፣ ሰውነታቸው ገና አላወቀም እንጂ ደማቸው አውቋል፣ ዓመት መድረሳቸውም እንጃ።

ለታማሚ ሞቱን መንገር በአገሯ ነውር ነው፤ ሰውን በአፍ እንደ መግደል ይቆጠራል። ስለዚህ ባላምባራስ በሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው «ምን አለሽ?» ሲሏት ዐይኗን ሳትሰብር መለሰች።

«ደምዎ ንጹሕ ነው አለኝ።»

ባላምባራስ ፊቷን አተኩረው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ በመንገዱም ሁሉ ደግ ሆኑላት። መካነ ኢየሱስ ደርሰው ከበቅሎ እንደ ወረዱ፣ እግዜር ይህን ካደረገላቸው እሳቸውም ከእሷ ጋር ሊቆርቡ እንደ ተሳሉ ነገሯት።

እምቢ ለማለት እውነቱን ማውጣት ሊኖርባት ነው። ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ መምሬ ወልደ ሩፋኤል ሄዳ አንድም ሳታስቀር ተናዘዘች። ሽማግሌው አጎንብሰው ሰሟት።

«ካልወደድሽ አትቁረቢ፣ ልጄ። ምክንያቱን ግን አንቺው ንገሪያቸው። እኔ የሰማሁትን ሁሉ ይዤ የምቀበር ሰው ነኝ» አሏት።

ስንቴ ጀምራ ተወችው። ባላምባራስ እንደ ልብ ይበላሉ፣ በቅሎ ላይ እንደ ጎረምሳ ይወጣሉ፣ ጉንጫቸው ሞልቷል። እንዲህ ላለ ሰው ይሞታሉ ብሎ መንገር ከየት ይጀመራል? አንዳንዴ ፈረንጁ ተሳስቶ ይሆናል ትላለች። አንዳንዴ ደግሞ ከቁርባኑ በፊት ቢሞቱልኝ ስትል ራሷን ታገኝና ትደነግጣለች። ድንጋጤው ግን ምኞቱን አላጠፋላትም።

ተራው ደረሰ። ባላምባራስ ቀድመው ተቀበሉ። እሷ ስትቀርብ የመምሬ እጅ ጥቂት ዘገየ፤ እንድትመለስ የሚለምኗት መሰላት። አፏን ከፈተች።

ቅዳሴው ወጥቶ ባልና ሚስቱ ከደጀ ሰላሙ ጎን ካለው የጽድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። የቆረበ ሰው ያን ቀን ምራቁን አይተፋም፤ ሁለቱም አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነዋል። ባላምባራስ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«የደሜን ነገር ላቀው አስቀድሞ ለኔ ነግሮኛል። አንቺን ጠርቶ እንዲነግርሽ ያዘዝሁትም እኔ ነኝ።»

ሐረገ ወይን ዞራ አየቻቸው። ዐይናቸው ይስቃል።

«ለምን?» አለች፤ ድምፅዋ ከነጠላው አልወጣም።

«ልብሽን ልየው ብዬ። እውነቱን ብትነግሪኝ ኖሮ ከነንብረትሽ አሰናብትሽ ነበር። ዋሸሽኝ። ሬሳዬ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ቤት ልትገቢ፣ አይደል? አሁን የትም አትገቢም።»

ምራቅ አፏን ሞላው። ፊታቸው ቅርብ ነበር፤ ብትተፋ አይስታቸውም። ምላሷ ላይ ግን የቅዱሱ ነገር ጣዕም ገና አለ። አንዲት አሮጊት በፊታቸው ስታልፍ ቆም አለችና እንኳን ለዚህ አበቃችሁ፣ አብራችሁ አርጁ ብላ መረቀቻቸው። ባላምባራስ አሜን አሉ።

ሐረገ ወይን ምራቋን ዋጠችና እሷም አሜን አለች።