አምስተኛው የሙከራ ጉዞ

«መጀመሪያ ቁጭ በዪ» አለች አኔታ።

«ሾርባዬ እሳት ላይ ነው፤ ቆሜ እሰማሻለሁ» አለች ሜንጋ።

አኔታ ከላይኛው ፎቅ የወረደችው ልታጽናና ነው፤ ለማጽናናት የመጣ ሰው ደግሞ ተጽናኙን ቁጭ ሳያደርግ መጀመር አይሆንለትም። ቢሆንም ወሬው ምላሷ ላይ አላስቀምጥ ስላላት በቁሟ ዘረገፈችው። ትናንት እህቷን ልትጠይቅ ወደ ተራራው ማዶ ስትሄድ፣ በቀዩ ባቡር ውስጥ የሜንጋን ባል ሉዚን አይታዋለች። ሁለት ወንበር ይዟል። በአንዱ እሱ ተቀምጧል፣ በሌላው ትራስ ቆሟል።

«ትራስ?»

«ትራስ፣ እህቴ። ለወንድ ትራስ ማን ይይዛል? ሴትዮዋ ሳትቀርበት አልቀረችም። ምስኪን፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ ‹አሁን ወደ ቀኝ ተመልከቺ፣ ፍቅሬ› ይላል። ሁለት ጊዜ በጆሮዬ ሰማሁት። ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ይጽፋል።»

ሜንጋ ሾርባውን አማሰለች፣ ቀመሰች፣ ጨው ጨመረች።

«አልቀረችበትም» አለች። «እዚህ ቆማ የገብስ ሾርባ ታማስላለች። ሴትዮዋ እኔ ነኝ።»

ቁጭ ያለችው አኔታ ራሷ ሆነች። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ብላ ይዛው የወረደችው ጉድ በእጇ ላይ ሟሟባት። ደስ ይበላት ይክፋት ለጊዜው አላወቀችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት፣ የተጋቡበት አርባኛ ዓመት ሲከበር፣ ሉዚ በእንግዶች ፊት ብርጭቆውን አንስቶ ሜንጋን ከኩር ከተማ እስከ ቲራኖ፣ አልፕስን አቋርጦ በሚያልፈው ባለ ትልልቅ መስኮት ባቡር እንደሚወስዳት ቃል ገባ። ተጨበጨበ። ሌላ ሰው ቢሆን በማግሥቱ ቲኬት ይቆርጥ ነበር። በእነ ሉዚ አገር ግን የመዘምራን ቡድን እንኳ ለዓመታዊ ሽርሽሩ የሚወጣው፣ መሪው አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ መንገዱን ከረገጠ፣ መጸዳጃ ቤቱን ከቆጠረና የምግብ ቤቱን ሾርባ ከቀመሰ በኋላ ነው። ሉዚ ደግሞ ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ለማዘጋጃ ቤቱ የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ አንድም ቀን አሃዝ ያልሳተ ሰው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ተረት ማንም ሳይነግረው ከእናቱ ሆድ ይዞት የወጣ ይመስላል። ችግሩ፣ መታጠቁን ሲያጠብቅ መሮጡን ረሳው።

በመጀመሪያው የሙከራ ጉዞ የትኛው መስኮት እንደሚሻል አጠና። ቀኙ ሆነ። በሁለተኛው ፀሐይ ዓይን የምትወጋበትን ሰዓት መዘገበ። በሦስተኛው ዳቦና የደረቀ የበሬ ሥጋ የሚበላበትን ደቂቃ ወሰነ፤ ባቡሩ ትልቁ የድንጋይ ድልድይ ላይ ሲደርስ የሜንጋ ሁለት እጆች ነፃ መሆን አለባቸው። በአራተኛው ከወንበሩ እስከ መጸዳጃው ያለውን ርቀት በሜንጋ እርምጃ ለካ። የሜንጋ እርምጃ አጭር ስለሆነ በኮሪደሩ ላይ እንደ ሙሽራ ቅንጥስ ቅንጥስ እያለ ሲመላለስ ተሳፋሪው ሁሉ አየው። በየመሀሉ ክረምት መስኮቱ ጉም ያዘለ ይሆናል፣ ፀደይ ናዳ ይኖራል፣ በጋ ያንጸባርቃል እየተባለ አራት ዓመት አለፈ። ይህ ሁሉ የተጻፈበት ማኅደር ሃያ ስድስት ገጽ ደረሰ። አኔታ ያየችው የትራሱ ጉዞ አምስተኛው ነበር።

ሜንጋ ይህን ሁሉ በሆዷ እየሳቀች ችላዋለች። ዘንድሮ ግን ሳቁ አልመጣላትም። በሐምሌ የዓይን ሐኪሟ መብራቱን አጥፍቶ አብርቶ፣ ወንበሩን ወደ እሷ ሳብ አድርጎ፣ «ከሩቅ ሊያዩት የሚመኙት ነገር ካለ አያቆዩት» ብሏታል። ለማንም አልተናገረችም። ለሉዚ ብትነግረው ለዓይኗም ማኅደር ይከፍትላታል።

የዚያን ዕለት እራት ላይ ሾርባውን እያቀረበች፣ «ትራስህን አኔታ አይታዋለች» አለችው።

«ትራስ አይደለም። አንቺ ነሽ።»

«እኔ ትራስ ነኝ?»

«በቁመት ብቻ። ስትቀመጪ የመስኮቱ ጠርዝ ዓይንሽን ይጋርድ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። አይጋርድም።»

«እግዜር ይስጥህ። መቼ ነው የምንሄደው?»

«ማክሰኞ። ከእንግዲህ የቀረ ነገር የለም።»

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሜንጋ ጫማዋን አስራ፣ ዳቦዋን ጠቅልላ በር ላይ ቆመች። ሉዚ በቤት ነጠላ ጫማው ኩሽና ውስጥ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል።

«የተራራው መተላለፊያ ላይ ደመና አለ» አለ። «አርባ በመቶ። ነገ ግን ጥርት ያለ ነው። ወደ ነገ ይዛወራል።»

«የኔ ቲኬት የታል?»

«ሜንጋ፣ በዚህ ደመና?»

«ደመናውን እኔ አልጋበዝኩትም። ከመጣም መንገዱ የሁሉም ነው።»

ቲኬቷን ከማኅደሩ ውስጥ መዝዛ ወጣች። ሉዚ ትቀልዳለች ብሎ ጠበቀ። የታችኛው በር ሲዘጋ ሲሰማ ማኅደሩን በብብቱ ሸጉጦ ሮጠ። ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት ላይ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ከሜንጋ አጠገብ ተቀምጦ ያለከልካል፤ እግሩ ላይ ያው የቤት ነጠላ ጫማ።

ቲኬት ተቆጣጣሪው መጣ። ሉዚን ሲያይ ቆቡን ነካ አደረገ።

«ዛሬ ትራሱን አላመጡም?»

«እሷ ናት» አለ ሉዚ።

ተቆጣጣሪው ሜንጋን ከእግር እስከ ራስ አያት። «ልክ እንደነገሩን ነዎት» ብሎ ቲኬቱን መለሰላት።

ድልድዩ ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሜንጋ ራባትና ዳቦዋን ፈታች። ሉዚ ገጽ አሥራ አንድን ከፍቶ አሳያት። እሷ እያኘከች ድልድዩን አየችው፤ በአንድ እጇም ቢሆን ድልድዩ ድልድይ ነበር።

መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ጉሙ መስኮቱን በነጭ ቀለም እንደቀቡት ዘጋው። ቢሆንም ሉዚ ሥራውን አልተወም፤ ወደ ነጩ መስታወት እየጠቆመ፣ «አሁን የበረዶው ግግር። ሦስት ደቂቃ። አሁን ደግሞ ሐይቁ» ይላል። ድምፁ ግን እየሟሸሸ ሄደ። በመጨረሻ ስልኩ ላይ አቀረቀረ።

ያኔ በግራ በኩል፣ በማኅደሩ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ ባልተጻፈለት መስኮት፣ ጉሙ ተቀደደ። ቁልቁለቱ ላይ እሳት የመሰለ ቀይ ቁጥቋጦ፣ በመሀሉ የሚወርድ ቀጭን ውሃ፣ ከውሃው በላይ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች አንዲት የተራራ ፍየል። ሜንጋ ዓይኗን ሳታርገበግብ አየቻት። ፍየሏም አየቻት። ጉሙ ተመልሶ ገጠመ።

ሉዚ ቀና ሲል ሁሉም ነጭ ነበር። ስልኩን አሳያት፤ የነገው ሰማይ ላይ ክብ ቢጫ ፀሐይ ተስሏል።

«አየሽ?» አለ፣ ልቡ ተሰብሮ። «አንድ ቀን ብቻ ብትታገሺ ይህን ሁሉ ታዪው ነበር። ነገ ብንመጣስ?»

ሜንጋ የዳቦ ፍርፋሪውን ከጭኗ ላይ አራገፈች።

«ነገማ የሕንፃው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ተራ የኛ ነው» አለች።