ራዲዮው አልተበላሸም

«እስቲ ወንድሜን ጥሩልኝ፤ ራዲዮዬ ተበላሽቶብኛል» አሉ አሮጊቷ ገና በሩ ላይ ሳሉ።

ቤቱን ለቀስተኛ ሞልቶታል። በፎጣ የጠቀለሉትን ራዲዮ ታቅፈዋል። ከትናንት ጠዋት ጀምረው በእግርና በጭነት መኪና መጥተዋል። ወንድማቸው ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

«ይግቡ እትዬ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለቻቸው የሟች ልጅ ለአክስቷ። ሲኒውን አስቀምጣ ወንበር ሳበችላቸው።

«ምን አርፋለሁ! አንድ ወር ሙሉ ሹ… ብቻ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ሽቦውን ዛፍ ላይ ሰቀልኩ። እሱ አንዴ ቢነካው…» ጥቁር የለበሱትን ሴቶች አዩና ድምፃቸው ተቆረጠ።

ራዲዮው ደህና ነው። የተዘጋው ጣቢያው ነው። አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት የአጭር ሞገድ ማሰራጫውን ሲያንቀሳቅሱ ኖረው፣ ባለፈው ወር የጣቢያው ኃላፊ «በዲጂታል ዘመን ይህን ማን ይሰማዋል?» ብሎ አዘጋው። «ስልክ የማይደርስበት ሰው ይሰማዋል። እህቴ ትሰማዋለች» አሉ አባቷ በስብሰባው መሃል። ተሳቀባቸው። እሳቸው ግን ዝም ያለውን ማሽን በየሳምንቱ እየሄዱ ይወለውሉት ነበር።

የሞቱ ዕለት ልጅቷ ኃላፊው ቢሮ ሮጠች። «አንድ ደቂቃ ብቻ ማሰራጫውን አብሩልን። እትዬ መርዶውን ይስሙ፣ ቀብሩን እናቆይላቸዋለን» ብላ ለመነችው።

«ለአንድ ሰው ተብሎ? የኢንተርኔት ገጻችን ላይ እናወጣዋለን» አላት። በማግስቱ በመኪና የተላከው መልእክተኛም ከአክስቷ ጋር መንገድ ላይ ተላለፈ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ያው ኃላፊ አሁን ከለቀስተኛው መሃል ተነሳ። ስልኩን ከፍቶ አሮጊቷ እጅ ላይ አኖረው። «እናቴ፣ እኛ እኮ ዕለቱን ነው ያወጣነው። ይኸው ፎቶው! ስድስት ሺህ ሰው አይቶታል።»

«ስድስት ሺህ ሰው ወንድሜ መሞቱን ሲያይ፣ እኔ ባትሪ እቀይር ነበር?» አሉ።

የልጅቷ ደም ፈላ። «አንተ!» አለችው፤ ከዚያን ቀን በፊት አንቱ ነበር የምትለው። «አባቴን አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፣ ስድስት ሺህ ሰው አይደለም! አንድ ደቂቃ ነው የለመንኩህ!»

የስልኩ መስታወት ጠቆረና የሟች ፊት ጠፋ። አክስቷ በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉት፤ አልበራም። ደግመው ጠረጉት። ሰውየው ስልኩን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ልጅቷ መሃል ገብታ ቆመች። አክስቷ መጥረጋቸውን አላቆሙም።