ወሰን የተባለውን ያደርጋል

ወሰን ከአእምሮ ሕሙማን መጠለያው ሲመለስ፣ ታላቅ እህቱ የዝናሽ፣ መጀመሪያ ያስተዋለችው ዝምታውን ነበር። እዚያ ከመግባቱ በፊት ከማይታዩ ሰዎች ጋር እየተጨቃጨቀ፣ ልብሱን እየጣለ ወደ መንጌ ከተማ በሚወስደው መንገድ ይሮጥ ነበር። ወላጆቻቸው አልፈዋል፤ ከአሶሳ ርቆ ወዳለው መጠለያ ወስዳ ያስገባችውም እሷ ናት።

«ድኗል» አላት ያስረከባት የመጠለያው ተቆጣጣሪ በደረቅ ድምፅ። «አይጮኽም፣ አይማታም፣ የተባለውን ያደርጋል።»

የዝናሽ በደስታ አለቀሰች።

ደስታዋ አልሰነበተም። ወሰን በማለዳ ይነሣና አልጋውን አንጥፎ አጠገቡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ገንፎ ቢቀርብለት «ብላ» ካልተባለ አይነካም። ሽንት ሲመጣበት እንደ ተማሪ እጁን ያወጣል። ከደጅ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ እንድትፈትሸው ክንዶቹን ይዘረጋል።

«ይሄ እኮ ቤትህ ነው» ትለዋለች።

«እሺ» ይላል።

አንድ ቀን ልታበረታታው ብላ፣ «ዛሬ ምን እናድርግ? ማሽላውን እናርም ወይስ ገበያ እንውረድ?» አለችው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

«ትክክሉ የትኛው ነው፣ እትዬ?»

«ትክክል የሚባል የለውም። ደስ ያለህን።»

«እዚያ የተሳሳተ ይታሰራል» አለና ቁርጭምጭሚቱን ማሸት ጀመረ። ቆዳው ጠቁሮ ሻክሯል።

አጠገቡ ተቀመጠች። «እነዚያ ድምፆችስ ጠፉልህ?»

«አሉ። ዝም በል ስለተባልኩ አልመልስላቸውም።»



በሳምንቱ አሶሳ ገበያ ስትወርድ፣ «ማንጎው ሥር ተቀመጥ፤ እስክመጣ የትም እንዳትሄድ» አለችው። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መንገዱን አጨቀየው፤ የተሳፈረችበት ባጃጅ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አመሸ። ስትደርስ ጎረቤታቸውን፣ የበርታውን ሽማግሌ ረጀብን፣ በወሰን ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ቆሞ አገኘችው። ወሰን ማንጎው ሥር ጉልበቱን አቅፎ ይንቀጠቀጣል።

«ቤት ግባ አልኩት» አለ ረጀብ። «የዝናሽ ተነሣ አላለችኝም ይላል። ጎተትኩት፣ እምቢ አለ። ወላሂ፣ ሰው እንዲህ አይሆንም።»

«ተነሣ» አለች። ተነሣ።

ብርዱ ሳንባ ምች ሆነበት፤ አሶሳ ሆስፒታል ተኛ። እዚያ ግን ትኩሳቱ ሲበርድለት የማታውቀው ሰው ሆነ። መድኃኒት ሲታደል አፉን ከፍቶ መዋጡን ያሳያል። አጠገቡ የተኙትን ሕሙማን አንሶላ ያነጥፋል። መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይተኛል። ፊቱም ተፈታ።

«እንዲህ ያለ ታዛዥ ታካሚ ገጥሞኝ አያውቅም» አለቻት ነርሷ ሔለን። «ብትኮሩበት ይገባል።»



የመውጫው ቀን ልብሱን ይዛ መጣች። ወሰን የአልጋውን ብረት በሁለት እጁ ጨብጦ አልለቅም አለ። ሔለን ግራ ተጋብታ አንዴ እሱን፣ አንዴ የዝናሽን አየች።

«እትዬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ ለምን አባረሩኝ?»

ልታስረዳው ሞከረች። መዳኑን፣ ቤቱ መሆኑን፣ እሷ ብቻዋን እንደሆነች፣ እንደናፈቃት ነገረችው። በትኩረት እያያት ሰማ፤ እጁ ግን ብረቱን አልለቀቀም። ሌሎቹ ሕሙማን ቀና ብለው ይመለከቷቸው ጀመር። በመጨረሻ የዝናሽ ዓይኗን ከእሱ ላይ አንሥታ፣ የመጠለያው ተቆጣጣሪ በተናገረበት ደረቅ ድምፅ፣ «ልቀቅ። ውጣ» አለችው።

ወዲያው ለቀቀ። ከፊቷ ቀድሞ ወጣ።