የላሟ ራስ

በዚያ ዓመት በረዶው ከገና ማግስት ወርዶ እስከ መጋቢት አልለቀቀም። ቧንቧ ፈነዳ። ከሰል አለቀ። ወፎች ከሽቦ ላይ ደርቀው ወደቁ። ከለንደን ወጣ ብሎ በነበረው የፊልም ስቱዲዮ እኔና ሲረል ባጅ የሚባለው ጓደኛዬ እንጨት እንገጥማለን፣ መብራት እንሰቅላለን። ከሥራው የቀረው አንድ አስቂኝ ፊልም ብቻ ነበር፤ ታሪኩም የበጋ ፀሐይ ነው። ተዋናዮቹ ትንፋሻቸው እንዳይጨስ በረዶ እየመጠጡ «ወይ ሙቀት!» ይላሉ።

ለፊልሙ የታዘዘችው ላም በበረዶው መንገድ ተዘግቶባት ቀረች። ዳይሬክተሩ ሚስተር ኦርምሮድ ከአንድ ቲያትር ቤት በገና ሰሞን ተውኔት ላይ የምትወጣ የጨርቅ ላም አስመጣ። ሁለት ሰው ይገባባታል፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። የፊተኛው ክር ሲስብ ላሟ በዓይኗ ትጠቅሳለች።

እኔ የላሟን ራስ ፈለግሁ። ካንቲን ሻይ የምትቀዳውን ኢኒድን፣ «ላሟ ስትጠቅስ እኔ ነኝ፤ የምጠቅሰውም አንቺን ነው» ብያት ነበር። ለሴት ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

ሲረል ቀድሞኝ ራሱን አጠለቀ።

«አውልቅ!»

«ዛሬ እኔ፣ ነገ አንተ። እናቴ ትሙት!»

«እናትህ ሞታለች።»

«ታዲያ ከዚህ በላይ ምን መሐላ አለ?»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ፤ ቀበቶውን ያዝኩ። ጠዋት ሽንኩርት በልቶ ነበር።

«በግራ እግር!» አለ።

«በማን ግራ?»

የፊት እግሮች ወደ በሩ፣ የኋላዎቹ ወደ ድርቆሹ ሄዱ። ላሟ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ተዋናይዋ ስትስቅ በረዶዋ ከአፏ ተፈናጥሮ የመብራት ሠራተኛውን ግንባር መታው። ኦርምሮድ ከወንበሩ ወደቀ።

«ቀረጽከው?» አለ ካሜራ ያዡን፣ ከወለሉ ሳይነሳ።

«ቀረጽኩት!»

«ከእንግዲህ ላሟ እንዲህ ነው የምትሄደው!»

በማግስቱ ራሱን ላነሳ ስል፣ ትዕይንቶች እንዳይለያዩ የምትቆጣጠረው ሚስ ፔቲፈር እጄን ያዘችኝ።

«አይሆንም። ቦታ ከተቀያየራችሁ የትናንቷ ላም አካሄድ ይለወጣል።»

ሲረል ትከሻዬን መታ አደረገኝ። «አየህ? ያላንተ ዳሌ ፊልም የለም። ተራህ ግን ዕዳዬ ነው።»

ፊልሙ ሲወጣ ኢኒድን ሲኒማ ወሰድኳት። ላሟ ጠቀሰች። ኢኒድ እጄን ጨበጠች። ዝም ማለት እችል ነበር።

«እሱ ሲረል ነው፤ እኔ ከኋላ ነኝ» አልኳት።

ትን እስኪላት ሳቀች። ከሲኒማው አስወጡን። ውጭ ቆመንም መሳቋን አልተወችም። በቀጣዩ ጸደይ ተጋባን። ሲረል ለሠርጋችን ሲመጣ፣ «የላሟን ራስ አልረሳሁም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ባገኘኝ ቁጥር ይህንኑ ይላል።

ባለፈው ዓመት ኢኒድ ሰማንያ ሞላት። በምንኖርበት የአረጋውያን ቤት ኬክ ልንቆርስ ስንል ሲረል በከዘራ እየተደገፈ ገባ፤ የታክሲው ሾፌር ከኋላው ትልቅ ጆንያ ይጎትታል። ለካ ቲያትር ቤቱ ሲዘጋ ላሟን ወስዷት ኖሯል። ብል በልቷታል፤ አንድ ጆሮ የላትም።

«ግባ፤ ከፊት» አለኝ።

«አንተስ?»

«ከኋላ ነኛ! ወገቤ እንቢ ካለ ግን ተሸክመህ ነው የምታወጣኝ።»

ገባን።

«በግራ እግር!» አልኩ።

«በማን ግራ?» አለ ከኋላዬ።

ላሟ ወዲያና ወዲህ እየተንገዳገደች ኬኩ ፊት ደረሰች። አሮጊቶቹ ጠረጴዛ እየደበደቡ ይንጫጫሉ። ክሩን በዳበሳ አገኘሁት። በአፏ ቀዳዳ ሳይ ኢኒድ መሐረቧን ነክሳለች።

ሳብኩት። ላሟ ጠቀሰች።

«አሁንስ አንተ ነህ!» ብላ ጮኸች ኢኒድ።

ከኋላዬ ትንፋሽ ያጠረው ድምፅ፣ «ተከፈለ?» አለ።

«ተከፈለ» አልኩት።